የፀደይ ሁለተኛ ዓይን

ሰዓሊው ሀብተሚካኤል ከሰው ሁሉ አብልጦ የሚንቀው ቀለም በጥብጦ የማያውቅ፣ ስለ ቀለም ግን ሲያወራ የሚውል ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ደግሞ አንድ ቀን በባጃጅ ተጭኖ ፍኖተ ሰላም፣ እደጃፉ ድረስ መጣለት። ሰይፈ ይባላል፤ ከአዲስ አበባ የመጣ ዲዛይነር ነው። በጠራራ ፀሐይ የሱፍ ቆብ ደፍቷል፤ ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ጋ ሳይደርስ አልቋል። ከጎኑ የሀብተሚካኤል ልጅ ፀደይ ቆማለች።

ፀደይ ደብረ ማርቆስ ሒሳብ አያያዝ ተምራ ከተመረቀች በኋላ ዘመናዊ ዳንስ እማራለሁ ብላ አዲስ አበባ የገባች ናት። ይኸው ሦስት ዓመቷ። ሰው ሲጠይቀው አባቷ "ሒሳብ ሠራተኛ ናት" እያለ ይመልሳል። እስክስታ ቢሆን ባልከፋው፤ ሰርግ ላይ እሱም ትከሻውን ነቅንቆ ያውቃል። ይሄኛው ግን በስልክ እንዳሳዩት ከሆነ መውደቅና መነሣት ነው፤ መሬት ላይ መርፌ የጠፋበት ሰው ነው የሚመስለው። ለዚህ ደግሞ አስተማሪ አለው አሉ።

"አባባ፣ ከኋላ የሚሰቀል መጋረጃ እንዲሥሉልን ነው የመጣነው" አለች ፀደይ። የባህል ጉዳይ ሰዎች የወጣቶች ማዕከሉን አዳራሽ ለአንድ እሑድ ፈቅደውላታል። ሕዝቡ ከወደደላት በየቅዳሜው ልጆች የምታስተምርበት ክፍል ይሰጧታል። "ክፍሉን ካገኘሁ ጠቅልዬ እመጣለሁ። ካላገኘሁ ግን እዚያው እቀራለሁ" አለች።

እናቷ እህተ ማርያም ከጓዳ ብቅ አለች። "ሰሙ? ትመጣለች እኮ! ልጄ ትመጣለች!"

ሀብተሚካኤልም እንድትመጣ ይፈልጋል። የሚፈልጋት ግን ዳንሷን እዚያው የመጣችበት ጥላ ነው። ይህን ለማንም አልተናገረም።

ሥራው የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ነው። አቡጀዲ ይወጥራል፣ ኮላ ይቀባል፣ ይሥላል፤ ሲደርቅ ጠቅልሎ ወስዶ መቅደሱ ግድግዳ ላይ ይለጥፋል። ያን ሰሞን ቡሬ አጠገብ ላለ አንድ የገጠር ደብር እየሠራ ነበር። ለመጋረጃው በከሰል ንድፍ ሲያወጣ እጁ እንደለመደው ፀደይን መሐል ላይ በሙሉ ፊቷ፣ በሁለት ትልልቅ ዓይኖች አቆማት። ሰይፈ ንድፉን በስልኩ አነሣና አንገቱን ወዲያና ወዲህ እያጣመመ አየው።

"ጋሽ ሀብቴ፣ አሪፍ ነው። ግን ፊቱ ስታቲክ ሆነብኝ፤ አይንቀሳቀስም። ዳንስ አይደል? ከጎን ቢሆን ሙቭመንት ይኖረዋል። ፕሮፋይል ያድርጉት፤ አንድ ዓይን ብቻ።"

"አንድ ዓይን?"

"አንድ ዓይን። መስመሩ ራሱ ይጮሃል።"

በዚያ አገር ደብር የሳመ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ጻድቅ በሙሉ ፊቱ፣ በሁለት ዓይን ይሣላል። ሰይጣን፣ ይሁዳና ሰቃዮቹ ከጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ማንም ተቀምጦ አያስተምረውም፤ ሰው ከናቱ ጀርባ ሆኖ ያየዋል፣ አለቀ። ዲዛይን ተምሬ ጨርሻለሁ የሚለው ሰይፈ ግን አያውቅም። ፀደይ አዳራሹን ልታይ ስለሄደች የሚነግረው የለም። አንድ ቃል ከሀብተሚካኤል አፍ ቢወጣ ይበቃ ነበር።

"እሺ ጌታዬ" አለ ሀብተሚካኤል፣ በሆዱ እየሳቀ። ከተማው ይሳቅባት፤ አንድ ቀን ታልቅስና ወደ ሒሳቧ ትመለስ። ይህን ያሰበው አባቷ ነው፤ ሰይጣንን ከጎን የሚሥለው ሰውዬ።

የመጋረጃውን ጨርቅ ሥራው ወዳለበት ቡሬ ይዞ ሄዶ፣ ዘጠኝ ቀን ሠርቶ፣ እሑድ ጠዋት መጋረጃውን ጠቅልሎ በአውቶቡስ መጣ። ሥራው ያምር ነበር፤ ክፉ ሲያስብም እጁ አይበላሽም። አዳራሹ ወለል ላይ ሲዘረጉት ሰይፈ አጨበጨበ። ፀደይ ግን ከሰባት ዓመቷ ጀምራ ቀለም እየበጠበጠችለት ያደገች ልጅ ናት። አንድ ጊዜ አይታው ደረቀች።

"ከጎን ይሁን ያለው ማነው?"

"ዲዛይነርሽ።"

"አባባ፣ እርስዎ አልነገሩትም?"

"መቼ ጠየቀኝ?"

ለቅሶዋን ጠበቀ። አላለቀሰችም። ጎንበስ ብላ የመጋረጃውን ጫፍ ያዘችና "ይሰቀል" አለች።

ከቀትር በኋላ አዳራሹ ሞላ። መጋረጃው እንደታየ ጉርምርምታው ተነሣ፤ ያማተቡም ነበሩ። የሥዕል ፍሬም የሚሠራለት አናጢው ባዬ ከኋላ ሆኖ "ምነው ሀብቴ፣ ልጅህን ከነማን ጋር ነው ያስቆጠርካት?" አለና ሳቁ በየወንበሩ ዞረ። እህተ ማርያም ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ከባሏ አንድ ወንበር ራቀች። እንደፈለገው ሆነለት፤ ከንፈሩን ሸምቀቅ አድርጎ ተቀመጠ።

ፀደይ ወጣች። ያለ ሙዚቃ ነው። ልክ እንደ ሥዕሏ ጎኗን ለሰው ሰጥታ፣ በአንድ ዓይን ብቻ እየታየች መንቀሳቀስ ጀመረች። ጎንበስ አለች፣ ተንበረከከች፣ እጇን መሬት ላይ አዟዟረች። ይኸው መርፌ ፍለጋው፣ አለ በሆዱ። ወለሉን በመዳፏ ከመሐል ወደ ዳር፣ ከመሐል ወደ ዳር ጠረገችው። አሁን ደግሞ ቤት ልትወለውል ነው፣ አለ።

ለሦስተኛ ጊዜ ስትጠርግ ግን የራሱ እጅ ጉልበቱ ላይ ተንቀሳቀሰ። ያውቀዋል። አቡጀዲ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ውስጥ የቀረ አየር የሚወጣው እንዲህ ነው፤ በመዳፍ፣ ከመሐል ወደ ዳር። ያ አየር ካልወጣ ሥዕሉ በክረምት ያብጣል፣ ይላጣል። ቀጥላ ተነሥታ እጆቿን ግራና ቀኝ እስኪንቀጠቀጡ ሳበች፤ ጨርቅ እየወጠረች ነው። በእግሯ ጣቶች ቆማ ክንዷን ወደ ላይ ሰቅላ ቆየች፤ መሰላል ላይ ናት። ከዚያ ወገቧን ይዛ ቀስ ብላ ወረደች። ግራ ጉልበቷ ቀድሞ ታጠፈ። ግራ ጉልበቱን የሚያመው እሱ ነው። ይህን ደግሞ ለማንም ነግሮ አያውቅም።

ዳንሱ እሱ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ "መውደቅና መነሣት" እያለ ያላገጠበት የገዛ ሥራው ነበር። አፈረ፤ ጆሮው ድረስ ጋለ።

በመጨረሻ ፀደይ ቆመች። ቀስ ብላ ከጎን ወደ ፊት ዞረች፣ ሙሉ በሙሉ፤ ሕዝቡን ትታ አባቷን አየችው። ሀብተሚካኤል አንገቱን ደፍቶ ጫማውን አየ። ቀና ሲል መድረኩ ላይ ሰው አልነበረም።

አንዳንዱ አጨበጨበ። የባህል ጉዳዩ ሰውዬ ግን ሹም ነውና ጉርምርምታውን አልረሳም። "ዳንሱስ ባልከፋ፤ ሕዝቡ በሥዕሉ ቅር ተሰኝቷል። ክፍሉን ለጊዜው እናቆየው" አለ። ለጊዜው የተባለ ነገር እንዴት እንደሚቀር ፀደይ ታውቃለች። ሰይፈ ቆቡን አውልቆ "ምን አጠፋሁ? ንገሩኝ እንጂ!" እያለ ሰዉን ሁሉ ጠየቀ። የነገረው የለም።

ሰኞ ጠዋት መናኸሪያ፣ ፀደይ አውቶቡስ ልትሳፈር ስትል ሀብተሚካኤል ክንዷን ያዘ።

"መጋረጃውን ተዪልኝ። ዓይን እጨምርበታለሁ።"

"ከጎን የተሣለ ፊት ላይ ሁለተኛ ዓይን አይገባም አባባ። ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።" ጉልበቱን ስማ ገባች።

ቤቱ እንደገባ አዲስ አቡጀዲ ወጠረ። ሙሉ ፊት አወጣ፣ አፍንጫና አፍ አወጣ፣ ሁለት ዓይን ሣለ። የገብርኤል ዓይኖች ሆኑ። አጠፋቸው። ደግሞ ሣለ፤ ደግሞ ያው የገብርኤል ዓይኖች። እንዲህ ሲል ዋለ። ሲጨንቀው ከሰሉን ጥሎ ወደ ጓዳ ተጣራ።

"እህተ ማርያም፣ የልጅሽ ዓይን እንዴት ያለ ነው?"

እህተ ማርያም በሩ ላይ ቆመች።

"ዞራ አሳይታዎት ነበር" አለችው።