የቦሎቄው ሰሌዳ

የ«ቄ» ዓይኖች ተደፍነዋል። ብርቄ ከሰሌዳው ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ አፈግፍጋ ስታየው፣ ከራጅ ፊልም ቆርጣ ባወጣችው ንድፍ ላይ ያሳለፈችው ጥቁር ቀለም ክፍተቶቹን ውጦ፣ ፊደሉን አንድ ድቡልቡል ጠብታ አስመስሎታል። ከሩቅ ማን ያነበዋል? በብሩሿ እጀታ ጫፍ ላይ ጨርቅ ጠቅልላ እርጥቡን ቀለም በቀስታ ጠረገችው። ክፍተቶቹ ሰፉ፤ ፊደሉም ወፍራም ገላውን ሳይጥል መተንፈስ ጀመረ።

ከሶዶ ወደ በዴሳ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በሚሊኒየሙ ዋዜማ የተሠራው የእህል መጋዘን ገና ስም አልተጻፈበትም። በአማርኛም በወላይትኛም እንድትጽፍበት የተመረጠችው ብርቄ ናት፤ እሷ የቀረጸቻቸው ክብ ፊደሎች ግን አልተመረጡም። የገበሬዎቹ ማኅበር ሥራ አስኪያጅ አቶ ጌታነህ፣ ንድፉን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ስቀውባት ነበር።

«ይኼ ፊደል ነው ወይስ ውኃ ውስጥ ያደረ ቦሎቄ? መሥሪያ ቤት እኮ ነው፣ ብርቄ! ሹል፣ ቀጠን ያለ፣ ቁም ነገር ያለው ጻፊልኝ።»

የፊደሎቿን ማዕዘን ክብ ያደረገችው ለጌጥ አልነበረም። በሶዶ ዝናብ ቀለም መላጥ የሚጀምረው ከሹል ጫፍ እንደሆነ፣ ቀጭን መስመርም በቆርቆሮ ሽንሽን ላይ እንደሚሰባበር የሥራ ዓመታት አስተምረዋታል። ድክመታቸውንም አልሸሸገችም፤ አንድ ጊዜ የዋጋ ዝርዝር በጥቃቅኑ ጽፋባቸው፣ እርስ በርስ ተጣብቀው አሳፍረዋታል። እነዚህ ፊደሎች የተፈጠሩት ለግድግዳ ነው፤ ከነጆንያው ከመኪና ለሚወርድ፣ ፊደል በጎልማሳነቱ ለቆጠረ ገበሬ። ዛሬ ካልቆሙ፣ እንዲህ ያለ ግድግዳ ዳግመኛ ማን ይሰጣታል?

ስለዚህም ፈተና ጠይቃ ነበር፦ በሁለት እኩል ነጭ ሰሌዳዎች ላይ ሁለት ቃላት፤ አንዱ በሹሉ፣ አንዱ በክቡ። ቃላቱን ከእሷና ከዘበኛው ከጋሽ ጦና በቀር ማንም አላየም።

ቀለሙ ሲደርቅ ከአቶ ጌታነህ ጋር ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ወርደው የመንገዱ መታጠፊያ ላይ ቆሙ። ጋሽ ጦና ሰሌዳዎቹን ከመጋዘኑ በር ግራና ቀኝ አስደገፉ።

«አለቃ! ታየ ወይስ ላምጣው?» ሲሉ ከወዲያ ጮኹ።

አቶ ጌታነህ ዓይናቸውን አጥበቡ። «ቦ…» አሉና ሳቃቸው አመለጣቸው። «ቦሎቄ! አንቺ ልጅ፣ ነገሬን መለስሽልኝ አይደል!»

ብርቄ ደስታዋን ገታ አድርጋ፣ «ሌላውስ?» አለች።

«የቱ ሌላ? ያ ባዶው? ምን ትጠብቂያለሽ፣ ጻፊበት እንጂ!»

በሰሌዳው ላይ በቀጭንና በሹል ጥቁር ፊደል «ጤፍ» ተብሎ ተጽፎበታል። ብርቄ ከቆመችበት እየታገለችም ቢሆን ታነበዋለች። አንድ ሚኒባስ አቧራውን አስነሥቶ አለፈ። አቧራው ሲረጋ፣ የአቶ ጌታነህ እጅ በመሥሪያ ቤት ሰው ፊት አውጥተውት የማያውቁትን የመነጽር ማኅደር በደረት ኪሳቸው ላይ ሲዳብስ አየች። ዓይን ለዓይን ተያዩ።

«ጋሽ ጦና!» አሉ ድንገት በታላቅ ድምፅ። «መሰላሉን ያውጡላት!»

ከቀትር በኋላ፣ ከቁመቷ የሚበልጠው የመጀመሪያው ፊደል ክብ ትከሻውን በግድግዳው ላይ አሳረፈ። ብርቄ ከመሰላሉ ላይ ዞር ብላ ቁልቁል ተመለከተች። አቶ ጌታነህ፣ መነጽራቸው አሁንም ከኪሳቸው ሳይወጣ፣ ዓይናቸውን ከፊደሉ ሳይነቅሉ፣ አንድ እርምጃ፣ ደግሞ ሌላ እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። መታጠፊያውን አልፈዋል፤ አልቆሙም።