የታናሽየዋ ወገብ

«አትንቀሳቀሺ፣ እወጋሻለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ስፒሎቹን በከንፈሯ እንደያዘች።

ታናሽ እህቷ ግን መስታወቱ ፊት ቆማ ትቁነጠነጣለች። የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት። የደንብ ልብሷን ባለፈው ወር አጥብባላት ነበር፤ ዛሬ ደግሞ እንደገና ሰፍቷታል።

«ምን እየበላሽ ነው እንዲህ የምትቀጥኚው?»

«ያገኘሁትን ሁሉ ነዋ፣ እታለም። አልጠግብም እኮ። የት እንደሚገባ እንጃ።»

ልብስ ሰፊዋ አንድ ስፒል ከከንፈሯ ነጥቃ ልብሱ ላይ ሰካች። እሷ ቁርስ ትታ እራት ቀንሳ እንኳ ክብደቷ ንቅንቅ አላለም። ጠዋት ከአልጋ መነሳት ዳገት ሆኖባታል። ሰው በሙቀት ሲማረር እሷ ሹራብ ትደርባለች፤ ጸጉሯ ከማበጠሪያው ጋር ይወጣል። ሐኪሙ የታይሮይድ በሽታ ነው ብሎ በየቀኑ የሚዋጥ ክኒን አዞላታል። የሰውነቷ መከላከያ አንገቷ ላይ ያለውን ዕጢ እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይጎዳዋል፤ ዕጢው ሲደክም እሷም ትደክማለች። ትናንት ባሏ የጫማውን ክር እያሰረ «እህትሽን መንገድ ላይ አገኘኋት፤ እንዴት አምሮባታል ባክሽ» ሲላት፣ «አዎ» ብላ ወጥ ቤት ገባችና ንጹሑን ድስት ትፈትግ ጀመር።

ሜትሩን በእህቷ ደረት ዙሪያ ስታዞር ጣቶቿ ሥር የሆነ ነገር ይደልቃል። ልብ ነው።

«ሮጠሽ ነው የመጣሽው?»

«በታክሲ ነው የመጣሁት።»

ቀና ብላ አየቻት። ግንባሯ ላብ አቸፍችፏል። ጣቶቿ ይንቀጠቀጣሉ። ሰው ሁሉ «በራ» የሚለው ዓይኗም ወደ ውጭ ወጣ ብሏል። ሐኪም ቤት ወረፋ ስትጠብቅ አጠገቧ የተቀመጠች ቀጭን ሴት ትዝ አለቻት። «ያንቺ ዕጢ ተኝቷል፣ የኔ አብዷል» ብላ ነበር ያሳቀቻት።

ዝም ብትል ማን ያውቅባታል? ብትናገርስ ቀናች ነው የሚሏት። ስፒል ሰካች፣ ነቀለች፣ መልሳ ሰካች።

«ነገ ሐኪም ቤት አብረን እንሄዳለን» አለች በመጨረሻ።

«ለምን?»

«ልብሽ ልክ አይመታም። እጅሽም ይንቀጠቀጣል።»

የታናሽየዋ ፊት ተለዋወጠ። «ሰው ሁሉ አማረብሽ ሲለኝ አንቺ ብቻ በሽታ ታየሽ? ቀንተሽብኝ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ስፒሎቹን ከአፏ አወጣች። «ቀንቻለሁ። እንቅልፍ እስካጣ ቀንቻለሁ። ልብሽ ግን ልክ አይደለም።»

ታናሽየዋ መዳፏን ደረቷ ላይ አደረገች። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። «ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይከዳኛል» አለች ቀስ ብላ።

የደም ምርመራው ውጤት ሲደርስ ሐኪሙ ሁለቱንም አስቀመጣቸው። «የሁለታችሁም መነሻ ያው የሰውነት መከላከያ ነው» አላት ታናሽየዋን። «የእህትሽን ዕጢ አዳከመው፤ ያንቺን ያለ ልክ ያሠራዋል። በመድኃኒት ይረጋጋል። ግን እንዳታቋርጪ፤ ደምሽንም በየጊዜው እናያለን።»

በሽታው እንኳ ለእሷ አዳላ፣ አለች ልብስ ሰፊዋ በልቧ።

«ያወፍረኛል?» ስትል ጠየቀች ታናሽየዋ።

«ወደ ቀድሞ ክብደትሽ ትመለሺያለሽ።»

ልብስ ሰፊዋ ደስታዋ ፊቷ ላይ እንዳይነበብ ቦርሳዋን መጎርጎር ጀመረች። ወዲያው አፈረች።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አገኙ። ታናሽየዋ እንባዋን ጠርጋ የእህቷን እጅ ያዘች። የአንዷ እጅ ይፋጃል፣ የሌላዋ በረዶ ነው።

«እታለም፣ በየቀኑ ክኒን መዋጥ አይሰለችም? አንቺ እንዴት ቻልሽው?»

«ይለመዳል» የሚለው የታላቅ እህት መልስ አፏ ላይ ደርሶ ነበር።

«አልቻልኩትም» አለች። «አላቀጥነኝ ሲል ተናድጄ ከተውኩት ሰነበትኩ። ለሐኪሙም አልነገርኩት።»

«እኔን እያየሽ?»

«አንቺን እያየሁ።»

ታናሽየዋ እጇን አልለቀቀችም። «እኔ እኮ እየታመምኩ ነበር፣ አንቺ ሞኝ» አለቻት።

ልብስ ሰፊዋ እጇን ቀስ ብላ አስለቅቃ ተነሳች። «እዚህ ጠብቂኝ» አለችና ወደ ሐኪሙ ክፍል ተመልሳ በሩን አንኳኳች።