በጣቱ የኖረችው መርፌ

ታላቅ ወንድሜ መቀሱን ለመጀመሪያ ጊዜ ከእጁ የጣለው የአንዲት ጠበቃ ካባ ሲቆርጥ ነው። «እጄ ተኛብኝ» አለና ሳቀ። ሠላሳ ዓመት ልብስ የሰፋ እጅ አንድ ቀን ቢተኛ ማን ይፈርድበታል? በሳምንቱ ግን ደገመው። ወሩ ሳያልቅ በጠመኔ የሚያሰምረው መስመር ወደ ግራ ማዘንበል ጀመረ። አንድ ደንበኛ አዲሱን ኮቱን ለብሶ መጣና ሁለት እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ «ጋሼ፣ ያጠረው የቱ እጄ ነው?» ሲል ነው ነገሩ ቀልድ አለመሆኑ የገባን።

ከዚያ ወዲያ ዕረፍት አላየንም። ደሙ ሁለቴ፣ ሽንቱ አንዴ፣ ስኳሩ ሦስቴ ታየ። አንዱ ክሊኒክ ቫይታሚን ሰጠው፤ ሌላው በቀኝ ጎንዎ አይተኙ አለው። የውጤቱ ወረቀት ሁሉ «ምንም የለም» ነው የሚለው።

«ለምንም የለም ይህን ያህል ካስከፈሉ፣» አለች ሚስቱ፣ እትዬ፣ «አለ ያሉን ቀን ቤቱን ነው የሚረከቡን።»

በመጨረሻ አንድ የነርቭ ሐኪም በትንሽ የጎማ መዶሻ ጉልበቱንና ክርኑን መታ መታ አደረጉና፣ ጭንቅላቱ በኤም አር አይ ይታይ ብለው ጻፉ።

«ምን ይሆን ዶክተር?»

«እሱን ለማወቅ ነው።»

ዋጋውን ገንዘብ ተቀባይዋ ስትነግረን ጋሼ፣ «ግማሹን ጭንቅላት ብቻ ማየት አይቻልም?» ብሎ ጠየቃት። አልሳቀችም። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ሲሏት የምትውል ይመስለኛል።

እኔ ባሕር ማዶ ስምንት ዓመት ስለ አፈር ተምሬ የተመለስኩ ሰው ነኝ። አፈሬን የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ስላጣሁ በጋሼ ሱቅ ቁልፍ እተክላለሁ። እሱ «ምሁሩ» ይለኛል። ጎረቤቱ ገንዘቤን የደበቅሁ ይመስለዋል። እኔ ደግሞ ለምን እንደሄድኩም ለምን እንደተመለስኩም ለሰው አጥርቼ መናገር አልችልም።

«ምሁሩ፣ ይሄ ምርመራ ይጠቅማል?» አለኝ በዚያ ሰሞን።

«አላውቅም ጋሼ።»

«ስምንት ዓመት ተምረህ?»

«ስለ አፈር እኮ ነው የተማርኩት።»

«እኛስ ወዴት የምንሄድ መሰለህ?»

ከሁለቱ የስፌት መኪኖች ጠርዝ የምትዘመዝመዋን ሸጠ። የእኔን የአውሮፕላን ትኬት የከፈለችው እሷ ነበረች። ገዢው አሸክሞ ሲያስወጣት ጋሼ ጀርባውን ሰጥቶ የአንዱን ሱሪ ልክ ይጽፍ ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ የእያንዳንዱን ደንበኛ ልክ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ግድግዳው ላይ በተወጠረችው ገመድ በመጣበት ተራ በስፒል ይሰካዋል። ሹም ይምጣ ዘመድ ይምጣ፣ ገመዷ ላይ ማንም ማንንም አይቀድምም። አንድ ጊዜ የእትዬ የገዛ ቀሚስ እንኳ ከሦስት የማያውቃቸው ሰዎች ኋላ ተሰክቶ ሁለት ሳምንት ጠብቋል። እስከ ዛሬ ታነሣበታለች።

በቀጠሮው ቀን የምርመራ ማዕከሉ የሚሞላ ቅጽ ሰጠን። የተጻፈው በባዕድ ቋንቋ ስለነበር እኔ እያነበብኩ እሱ እየመለሰ ሞላነው። ልብህ ላይ የተገጠመ ነገር አለ? የለም። ቀዶ ሕክምና ተደርጎልህ ያውቃል? አያውቅም። በሰውነትህ ውስጥ ብረት አለ?

«ብረት ቢኖረኝ ሸጬው መኪናዬን አተርፍ ነበር» አለ። «የለም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ።

ቀበቶውን አወለቀ፣ ሰዓቱን ፈታ፣ ኮሌታው ሥር ሰክቶ የሚረሳቸውን ስፒሎች አንድ በአንድ ነቅሎ መዳፌ ላይ አስቀመጠ። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ መነጽር ያደረገ፣ ድካም የተጫነው ሰው ነበር። «ሌላ የቀረ ብረት የለም አባቴ?» አለው በሩን እየከፈተ።

«የለም ልጄ። ጣቴ ውስጥ ያለችው ተከራይ ብቻ ናት።»

«የምን ተከራይ?»

ጋሼ የቀኝ አመልካች ጣቱን ቀሰረለት። «የመርፌ ጫፍ። ሥራ ስለማመድ መኪናው ጣቴን ሰፋውና እዚያው ቀረች። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። አንድ ቀን ኪራይ ከፍላ አታውቅም።»

ሰውዬው በሩን መልሶ ዘጋው።

«ጋሼ!» አልኩ፣ «ብረት አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁህ እኮ!»

«መርፌ እኮ ናት!» አለ፣ ከልቡ ተደንቆ። «ጣቱ ውስጥ መርፌ የሌለበት ልብስ ሰፊ አሳየኝ።»

እውነቱን ነው። በእኛ መንገድ ያሉ ልብስ ሰፊዎች ስባሪያቸውን እንደ ትምህርት ማስረጃ ነው የሚያሳዩት። ደግሞስ እኔ አላውቃትም ነበር? ልጅ ሆኜ ጣቱን ጨብጬ ቆዳው ሥር እንደ ስንዴ ፍሬ ስትንቀሳቀስ እየዳሰስኩ ነው ያደግሁት። ቅጹን ስሞላ ግን ለእኔም ብረት አልነበረችም፤ የእሱ ጣት ነበረች።

ባለሙያው አልተቆጣም። የማሽኑ ማግኔት ስባሪዋን ሊጎትታትና ሥጋውን ሊጎዳው እንደሚችል ነገረን። መጀመሪያ ትውጣ፣ ከዚያ ጣቱ ራጅ ይነሣ፣ ንጹሕ ነው የሚል ወረቀት ይምጣ አለን። ገንዘብ ተቀባይዋ ደግሞ፣ «የተከፈለ አይመለስም፤ ደረሰኙ ግን ሠላሳ ቀን ያገለግላል» አለችን።

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ!» አለች እትዬ ቤት ስንደርስ። «ቅጹን የሞላው ማን ነው?»

«እኔ።»

«ጎሽ። ለዚህ ነበር ያስተማርንህ።»

ለራጁና ለጣቱ የሚሆነውን እስክናጠራቅም ሃያ አራት ቀን ሄደ። ጋሼ አንድ ካባ ለመጨረስ የሚፈጅበት ጊዜ እጥፍ ሆኗል፤ መቀሱን ሲጥለው ማናችንም አናይም፣ አንሥቶ ሲቀጥልም አናይም። በሃያ አምስተኛው ቀን ጤና ጣቢያ ሄድን።

ነርሷ ወፍራምና ተጫዋች ሴት ነበረች። ጣቱን በአልኮል እየጠረገች፣ «ማደንዘዣው በጣት ላይ ሲወጋ ክፉ ነው፤ ሰው ሁሉ ይጮኻል። እርስዎም ቢጮኹ አላማዎትም» አለችው። ጋሼ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ፣ ጥርሱን ነከሰ፣ በግራ እጁ ክንዴን ጨመደደ።

ጠበቅን።

«በይ ጀምሪ እንጂ ሲስተር» አላት።

«ወግቼዎታለሁ እኮ አባቴ።»

ዞር ብሎ አየ። የማደንዘዣው መርፌ ጣቱ ላይ እንደተሰካ ነበር። ክንዴን የጨመደደው እጁ ቀስ ብሎ ላላ። ነርሷ መሣቅ ጀምራ ነበር፤ ፊቱን ስታየው ተወችው። ቀደደች፣ ፈለገች፣ በጉጠት አወጣች። ጥቁር፣ የዛገች፣ ይህችን ታህል ነገር። በፋሻ ቁራጭ ጠቅልላ ሰጠችው።

እስከ አውቶቡስ መቆሚያው አልቀለደም። ወንበር አግኝተን ከተቀመጥን በኋላ፣ «አልተሰማኝም እኮ» አለኝ። «አንዲት ነገር አልተሰማኝም።»

«ምናልባት ማደንዘዣው ነው» አልኩት።

«ምሁሩ፣ ማደንዘዣው ሳይገባ ነው የምልህ።»

ራጁ ጣቱ ንጹሕ ነው አለና፣ በሃያ ዘጠነኛው ቀን ማሽኑ ውስጥ ገባ። እኔ ውጭ ቀበቶውን ጭኔ ላይ አድርጌ ጩኸቱን እሰማለሁ፤ ይንቋቋል፣ ያቆማል፣ እንደገና ይንቋቋል። ሲወጣ ፀጉሩ ተነሥቷል። «መኪናቸው ዘይት ይፈልጋል» አለ። «ይሄኔ ክር ይበጥሳል።»

ከሦስት ቀን በኋላ ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው ብዙ አዩት። «ጭንቅላትዎ ንጹሕ ነው» አሉ።

«ባዶ ነው ማለታቸው ነው?» አለች እትዬ በጆሮዬ።

«እንግዲህ አንገትዎን እንይ» አሉና ሌላ ወረቀት ጻፉ። ዋጋው ያው ነው። የቀረችኝ ትንሽ ተስፋም በዚያች ወረቀት ላይ ስትጠፋ አየኋት። ደስ ሊለን ይገባ እንደነበር አውቃለሁ፤ ጭንቅላቱ ደህና ነው። ማንም ግን ደስ የሚልበት ጉልበት አልነበረውም።

ወደ ሱቁ ተመለስን። የቀረችው አንድ መኪና መስኮቱ ሥር ቆማለች። እትዬ አየቻት፣ እኔም አየኋት፤ ጋሼ ግን አላያትም። ከኪሱ ያቺን ፋሻ አውጥቶ ከስፒሎቹ ቆርቆሮ አጠገብ አስቀመጠ። ከዚያ የሐኪሙን ወረቀት በግራ እጁ ይዞ ወደ ገመዷ ሄደና ከአሥራ አንዱ የደንበኛ ልክ ኋላ፣ ከሁሉ መጨረሻ ሰካው።

«አንተ ሰውዬ፣» አለች እትዬ፣ «እጅህ ተራ ይጠብቃል ብሎ የነገረህ ማነው?»

«ተራ ተራ ነው። እነሱን ሳልጨርስ በምን እከፍላለሁ?»

እሷም ተነሥታ ስፒሉን ነቀለች፣ ገመዷን ተከትላ እስከ ጫፍ ሄደችና ወረቀቱን ከሁሉ ፊት ሰካችው። ከጠበቃዋ ሁለተኛ ካባ ፊት። ጋሼ ብዙ ጊዜ ቆሞ ተመለከተው። መልሶ ይነቅለዋል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልነቀለውም። በዚህች ገመድ ላይ አንድ ሰው ሲቀድም ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ምሁሩ፣» አለኝ፣ ትልቁን መቀስ በግራ እጁ እየዘረጋልኝ፣ «ቁልፍ ይብቃህ። ና ቁረጥ።»

«ጋሼ፣ ቆርጬ አላውቅም።»

«አላውቅምን ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ና።»

መቀሱ ከገመትኩት በላይ ይከብዳል። የካባውን ጥቁር ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ፣ በግራ እጁ ቀስ እያለ በጠመኔ አሰመረልኝ፤ መስመሩ እንደ ሕፃን ጽሕፈት ይንቀጠቀጣል፤ አቅጣጫው ግን ቀጥ ያለ ነው። ጎንበስ ብዬ ጀመርኩ። ከትከሻዬ ኋላ ቆሟል፤ ትንፋሹ ይሰማኛል። ስንዝር ያህል እንደሄድኩ፣

«ቀስ በል፣» አለኝ፣ «ወደ ግራ አዘነበልክ።»