ዳዶህን አስገብተሃል?

በዚያ ቤት ጃንጥላውን የረሳ፣ የጫማውን ማሰሪያ ሳያስር የወጣ፣ ነገሩን ሳያጣራ አፉን የከፈተ ሁሉ የሚጠብቀው አንድ ተግሣጽ ነበር፦ "ዳዶህን አስገብተሃል?" አባትየው ዕድሜያቸውን መኪና ሥር ተጋድመው የኖሩ መካኒክ ናቸው። ሰፈርተኛው "መሪው" ይላቸዋል። መሪ ስለጨበጡ ይሁን ቤታቸውን ስለመሩ አጣርቶ የሚያውቅ የለም፤ እሳቸው ግን ሁለቱንም በደስታ ይቀበሉታል። ልጆቻቸውም ተግሣጹን ከጡት ጋር ጠብተውት አደጉ እንጂ፣ ይሄ ዳዶ የሚሉት ነገር የት እንደሚገባ፣ ባይገባስ ምን እንደሚመጣ አንድ ቀን የጠየቀ አልነበረም። የአባት ቁጣ ደግሞ መቼ ትርጉሙ ይጠየቃል!

ታዲያ አንድ ጠዋት መሪው ከአልጋቸው ሊነሱ ቢሉ ቀኝ ጎናቸው እምቢ አለ። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ቃላቸው ግን ጥሏቸው ሄደ። ከዚያ ሁሉ ጨዋታ፣ ከዚያ ሁሉ ስድብና ምርቃት የቀረችላቸው "ዳዶ" ብቻ ናት። ውሃ ሲጠማቸው "ዳዶ"፤ ብርድ ሲገባባቸው "ዳዶ"፤ እንግዳ ሲመጣ "ዳዶ"። ራሳቸውን ሲነቀንቁ እንኳ እሺ ይሁን እምቢ አይለይም።

ታናሹ ልጅ፣ ቀለም ቀቢው፣ ተስፋ ቆርጧል። ክፉ ሆኖ አይደለም። የሚያጥባቸውም የሚያለብሳቸውም እሱ ነው፤ ወገቡ እስኪቆረጥ ያነሣቸዋል። ግን አንድ ቀን የሸሚዛቸውን ቁልፍ እየቆለፈ፣ ልትጠይቅ ለመጣች ጎረቤት በራሳቸው ላይ አሻግሮ፣ "እንዲህ ከሚሆን ያን ቀን ቢያርፍ ይሻለው ነበር" አላት። ሴትዮዋ ከንፈሯን መጠጠች። መሪው "ዳዶ" አሉ። ልጁም ቁልፉን ጨረሰ።

ታላቂቱ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ይሄን ሰምታ ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። አባዬ እዚያ ውስጥ አለ ወይስ የለም? ካለ፣ ይሄን ሁሉ ወር የምንለውን እየሰማ ነው። ከሌለ ደግሞ ልቤ ይወቀውና ይረፍ። የሚያስጨንቃት ሞቱ ወይም ሕመሙ ብቻ አልነበረም፤ አለማወቋ ነው የበላት። ከልጅነቷ ጀምሮ የሰዓትን ሆድ ከፍታ ካላየች እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ናት።

መላው የመጣው ከመኪናዋ ነው። የመሪው መኪና ከልጆቻቸው ብዙም የማታንስ አሮጊት ናት። ቀለም ቀቢው ባልዲዎቹን ጭኖ ቁልቁለት ሲወርድ ፍሬን ቢረግጥ እግሩ እስከ ወለሉ ሰመጠ። የእጅ ፍሬንና የሰው አጥር ባይደርሱለት ኖሮ ወሬውም ሌላ ነበር። ከሥሯ ሲታይ የፍሬን ዘይት ወደ ጎማዎቹ የሚወስዱት ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች በዝገት ተበልተዋል፤ አንደኛው ቀዳዳ አውጥቶ ያለቅሳል።

ማጀት ውስጥ ጠራትና በጆሮዋ፣ "እትዬ፣ ቅዳሜ ቁርጥራጭ ብረት የሚገዛው ሰውዬ መጥቶ ይጎትታታል" አላት።

"አባዬ የማይሰማ ከሆነ ለምን በሹክሹክታ ትነግረኛለህ?"

ጣቱ ላይ የደረቀ ቀለም መላጥ ጀመረ።

"እኔ እጠግናታለሁ" አለች።

"አንቺ? ፍሬን ቀሚስ መሰለሽ እንዴ? ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው ሲባል አልሰማሽም?"

"እኔ የምሠራው ለመኪናዋ ብዬ አይደለም። እሱ ፊት የእሱን ሥራ ስሠራ ዓይኑን ማየት እፈልጋለሁ። ምንም ካላየሁ አንተ እንዳልክ ይሁን፤ ትሂድ። ከጨረስኩ ደግሞ የሚያውቅ ሰው ሳያያት አትነዳም።"

የመለዋወጫ ሱቁ ባለቤት ጥቅል ቱቦ፣ አዳዲስ ዳዶዎችና ሙሉ ትምህርት ሰጣት፤ ያውም ሌላ ደንበኛ ክርኑን እየጎተተው። የድሮውን ነቅለሽ ልኩን ውሰጂ፣ ቁረጪ፣ ሞርጂ፣ ጫፉን አፍኪ፣ ግጠሚ፣ አየሩን አስወጪ። በቃ! "ማፍካት" ያለው የቱቦውን ጫፍ እንደ አበባ መክፈት ነው፤ የፈካው ጫፍ ማረፊያው ላይ ሲጫን ዘይቱ አያመልጥም።

በማግስቱ አባቷን ግቢው ውስጥ በቆርቆሮው ጥላ ሥር ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸውና የመሣሪያ ሣጥናቸውን ከጎናቸው ጠረጴዛ ላይ ከፈተች። ማፍኪያው በዘይት ጨርቅ ተጠቅልሎ ተኝቷል። እንደ መጽሐፍ የሚገጥሙ ሁለት ብረቶች ናቸው፤ መሃላቸው በየልኩ ቀዳዳ አለው። ከላያቸው የሚጠመዘዝ ሾጣጣ፣ ከጎናቸው ደግሞ የኮት ቁልፍ የምታህል ብረት። ለምን እንደሆነች ስትሞክር ገባት፦ መጀመሪያ ቁልፏ የቱቦውን አፍ ወደ ውስጥ ታጥፈዋለች፣ ቀጥሎ ሾጣጣው ያንኑ እጥፋት መልሶ ይደራርበዋል።

"አሃ! ጠርዝ ነዋ!" ብላ ጮኸች። "አንድ ጊዜ ብቻ ከታጠፈ ይተረተራል፤ ሁለት ጊዜ ሲታጠፍ ነው የሚችለው። አባዬ፣ ለካ አንተም ልብስ ሰፊ ነበርክ!"

መሪው ዓይናቸውን ከእጇ አልነቀሉም። ይህን አየች፤ ግን ዝንብ ሲያልፍም እንዲሁ ይከተላሉ፤ ልቧን አላሳመነውም።

ቱቦውን በድሮው ልክ ቆረጠች፣ አፉን ሞረደች፣ ብረቶቹ መሃል ወትፋ አጠበቀችው። ሾጣጣውን ልትጠመዝዝ ስትል፦

"ዳዶ።"

"ውሃ ልስጥህ?" ብርጭቆውን አፋቸው ድረስ አደረሰችው። በግራ እጃቸው ገፉት፤ ውሃው ጉልበታቸው ላይ ፈሰሰ።

"ዳዶ! ዳዶ!"

"በረደህ?" ፎጣ ደረበችላቸው። ፎጣውንም መሬት ጣሉት። "እሺ በቃ፣ አትቆጣ፤ ልጨርስና እንገባለን" ብላ ጠመዘዘች። የወጣው ጫፍ ሲያዩት ያስጎመጃል፤ ስንጥቅ የለው፣ ወደ አንድ ጎን ያላጋደለ። ሌላውንም ጫፍ አፍክታ ቱቦውን መኪናዋ ሥር ይዛ ገባችና ልትገጥመው ዳዶውን ብትፈልግ፣ ሁለቱም ዳዶዎች ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብለዋል።

ዳዶ ቱቦው በመሃሏ የሚያልፍባት፣ ቱቦውን ከቦታው ጋር አጥብቃ የምታስር ባለ ጥርስ ብረት ናት። ጫፉ ከፈካ በኋላ ወዴት ትገባለች? ወዴትም! ከማፍካት በፊት ነው የምትገባው። የሱቁ ሰውዬ ይህን ማን ይረሳል ብሎ ዘሎታል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይሄው ነው። ጫፉን ቆርጦ ጥሎ እንደገና ከመጀመር ሌላ መድኃኒት የለውም።

መኪናዋ ሥር በጀርባዋ እንደተንጋለለች መሳቅ ጀመረች። ያ የጫማ ማሰሪያው፣ ያ የጃንጥላው፣ ያ የዕድሜ ልክ ተግሣጽ ትርጉሙ ይሄ ነው! ከዚያ ሳቋ ድንገት ቆመ። *ነግሮኛል። ሳልጠመዝዘው በፊት ነግሮኛል።*

ወይስ የዕለት "ዳዶአቸው" ገጥሞ ነው? ልብሷን እንኳ ሳታራግፍ ተነሣች። ሌላ ቱቦ ቆረጠች። መጀመሪያ ዳዶዋን አስገባች፣ አጠበቀች፣ ጠመዘዘች። መሪው ጸጥ አሉ። በሁለተኛው ጫፍ ሆን ብላ ዳዶዋን ጠረጴዛው ላይ ተወችና ሾጣጣውን ያዘች።

"ዳዶ!"

አሁንም አላመነችም፤ ክፉ ተጠራጣሪ ናት። ዳዶዋን አስገባች፤ ግን ገልብጣ፣ ጥርሷን ከጫፉ ወደ ቱቦው መሃል አዙራ። የማያውቅ ሰው ገብቷል ብሎ ያልፈዋል። ሳታያቸው፣ አንገቷን ደፍታ ጠበቀች።

"ዳ-ዶ" አሉ መሪው፣ በረጅሙ፣ ሰነፍ ተማሪ እንዳንገሸገሸው መምህር። ቀና ስትል ግራ እጃቸው አየር ላይ እየዞረ ነው፦ ገልብጪው።

"ወይኔ አባዬ! ወይኔ አባቴ፣ አለህ!" ጉልበታቸው ሥር ተደፍታ አለቀሰች። ዘይት የነካው እጇ ሱሪያቸውን አበላሸው። እሳቸውም ግራ እጃቸውን ራሷ ላይ አሳረፉ።

ቀለም ቀቢው ከሥራ ሲገባ አፉን አላስከፈተችውም። "ምንም አትበል፤ ቁምና እይ" አለችው። ያለ ዳዶ ሞከረች፤ ተቆጡ። በዳዶ ሞከረች፤ ዝም አሉ። ገለበጠች፤ እጃቸው ዞረ። ልጁ መጀመሪያ ሳቀ፣ "ጉድ በል!" አለ፤ ከዚያ ፊቱ ቀስ በቀስ ተለወጠ። ምን እንደታወሰው እህቱ አወቀች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ያች የሸሚዝ ቁልፍ ቀን መጣችበት።

ፊታቸው ተንበረከከ። ስንት ወር ሲያጥባቸው ዓይን ለዓይን አይቷቸው አያውቅም ነበር።

"አባዬ… ያን ቀን ለጎረቤታችን ያልኳትን… ሰምተሃል?"

መሪው ብዙ አዩት።

"ዳዶ" አሉ፣ በቀስታ።

"አዎ" አለ ልጁ፣ እንባው እየወረደ። "አዎ፣ ሳላስገባ ነው የተናገርኩት። አሁን ምን ይደረጋል? እንዴት ይመለሳል?"

መሪው ግራ እጃቸውን ወደ ጠረጴዛው ዘረጉ። ጣቶቻቸው በሞረዱና በዳዶዎቹ ላይ ሲዳብሱ ቆዩና የቱቦ መቁረጫውን አነሡ። እጁ ውስጥ አስቀመጡለት፤ ከዚያ በአገጫቸው ጠዋት ወደተበላሸው ቱቦ ጠቆሙት።

"ይቆረጥና እንደገና ይጀመራል ነው የሚልህ" አለች እህቱ።

"ገብቶኛል፣ እትዬ።" አፍንጫውን በክንዱ ጠረገ። "ቱቦው አያጥርም?"

"ትንሽ ያጥራል። ይበቃል።"

አንዱን የፈካ ጫፍ ቆርጦ ጣለ። ሞረደው፤ አዲሱን አፍ በጣቱ ዳሰሰው። ሁለቱን ዳዶዎች ከጠረጴዛው አንሥቶ ጀርባ ለጀርባ በቱቦው ላይ አንሸራተተና ብረቶቹ መሃል አጠበቀ። ሾጣጣውን ከመጠምዘዙ በፊት ቀና ብሎ አባቱን አያቸው።

"አባዬ፣ ዳዶዬን አስገብቻለሁ?"

መሪው ዝም አሉ።