ሚዛኑን በበሬ የተሻገረው መኪና

ሲራጅ ከጨፋ ሮቢት ኮምቦልቻ እህል የሚያመላልስ ሹፌር ነው። የናፍጣ ሰልፍ ቢያንገሸግሸው አሮጌ መኪናውን ሸጦ በኤሌክትሪክ የሚሄድ የጭነት መኪና ገዛ። ያን ቀን የእህል ነጋዴዋን የመሊካን በቆሎ ጭኖ፣ እሷንም ጋቢና አስቀምጦ ተነሳ። መንገዱን ሙሉ ሲያወራላት የነበረው ስለ መኪናው ነው።

«ጭስ የለው፣ ጩኸት የለው። ኮምቦልቻ ስንደርስ ቻርጅ አደርገዋለሁ፤ በቃ!»

ከሚሴ መግቢያ ላይ አዲስ የክብደት መቆጣጠሪያ ሚዛን ተተክሏል። ተቆጣጣሪዋ ዙቤይዳ መኪናውን አቁማ መዘነችው።

«ሹፌር፣ ከተፈቀደው በላይ ነህ። አራግፍ!»

ሲራጅ ጫኝና አውራጆች ጠርቶ ጥቂት ጆንያ አስወረደ። ሚዛኑ ቀይ አበራ። ግማሹን አስወረደ፤ አሁንም ቀይ። ሙቀቱ ሲጠና መሊካ የጋቢናውን ቀዝቃዛ አየር ከፍታ፣ «እኔም ልውረድ እንዴ?» አለች። በመጨረሻ አንዲት ጆንያ ሳትቀር ወረደች። ባዶው መኪና ቆሞም ሚዛኑ ቀይ ነው።

«ሱብሓነላህ! ምን ጫንኩ?»

«ባትሪውን ነዋ፣» አለች ዙቤይዳ። «የፊት እግሩን ተጭኖታል። እሱን አውርደህ እለፍ።»

«ያለ ባትሪ በምን ልለፍ?»

ዙቤይዳ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ከልቧ አሰበችበት። «እሱን መመሪያው አይልም፣» አለች።

«እሺ፣ ወደ ሮቢት ልመለስ» ብሎ ቢያስነሳው መኪናው ዝም አለ። መሊካ ስትነፋፈስበት የቆየችው ቀዝቃዛ አየር የቀረችውን ቻርጅ ጨርሷታል።

«ሚዛን ላይ መቆምም ክልክል ነው፣» አለች ዙቤይዳ በሐዘኔታ።

ከኋላ የቆሙት መኪኖች ጥሩምባቸውን አቀለጡት። ጩኸቱን የሰማ ሙሄ የሚባል ገበሬ ከመንገዱ ዳር እርሻውን ትቶ መጣ።

«አካም ጅርቱ፣ እንዴት ናችሁ! ምን ሆናችሁ?» ነገሩን ሲረዳ፣ «የእኔንም የጎረቤቶቼንም በሬዎች ላምጣና እንጎትተው፣» አለ።

«ወላሂ፣ ይሄን መኪና በበሬ አላስጎትትም!» አለ ሲራጅ።

«በምን ልታስጎትተው ነው? በምላስህ?» አለችው መሊካ።

ዙቤይዳ ግን ስልኳን አንስታ አለቃዋ ጋ ደወለች። «ጌታዬ፣ በበሬ የሚጎተት ነገር ይመዘናል?»

«ጋሪ ማለትሽ ነው? ጋሪ መች ይመዘናል! ለዚህ ነው የምትደውይልኝ?» ብሎ ዘጋባት።

«ጋሪ ነው ተብሏል፣» አለች ዙቤይዳ።

መሊካ ይሄን ስትሰማ ዘላ ወረደች። «ጋሪ ከሆነማ በቆሎዬን መልሱልኝ!»

በቆሎው በሙሉ ተመልሶ ተጫነ። ሲራጅ ሌላ መላ አጥቶ መሐላውን ዋጠ፤ ሙሄ ያመጣቸው በሬዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተጠመዱ፤ ሙሄ ጅራፉን ሲያጮህ መኪናው ሚዛኑን ለቆ ተንቀሳቀሰ። ሞተሩ ከተነሳ ጋሪነቱ ይቀራልና፣ ዙቤይዳ እንዳይነሳ ጆሮዋን ወደ መኪናው አዘንብላ አብራ ትራመዳለች። ባጃጅ ነጂዎች ቆመው በስልክ ይቀርጻሉ። ሲራጅ ትከሻው ላይ በጣለው ሽርጥ ፊቱን እስከ ዓይኑ ሸፍኖ መሪውን ይዟል፤ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ከተማው መሀል ሲደርሱ ግን ዓይኑ ዳሽቦርዱ ላይ አረፈ። ጎማው በዞረ ቁጥር ባትሪው ትንሽ ትንሽ እየሞላ ነው። ሽርጡን ከፊቱ ጣለው።

«ሙሄ! ወንድሜ! ትንሽ ፈጠን አድርጋቸው!»

«በሬ ናቸው እኮ! ደግሞ ሲሄዱ ይባስ ከበዳቸው!»

«ግዴለም፣ እስከ ኮምቦልቻ አድርሱኝ!»

«አብደሃል!» አለና ሙሄ ቻርጅ የሚደረግበት አንድ ግቢ በር ላይ በሬዎቹን ፈታ። ሲራጅ እዚያ ሞልቶ ኮምቦልቻ የገባው ወደ ማምሻው ነው። መሊካም በቆሎዋን ከነክብደቱ አስረከበች።

ዙቤይዳ ወደ ሚዛኑ ስትመለስ ተሰልፈው የነበሩት መኪኖች፣ የናፍጣዎቹም ጭምር፣ ሞተራቸውን አጥፍተው ሹፌሮቻቸው በሬ ፍለጋ እርሻው ውስጥ ተበትነዋል። አለቃዋ ስልክ ደውሎ ስንት መኪና እንደመዘነች ጠየቃት።

«መኪና የለም ጌታዬ፣» አለች ዙቤይዳ፣ ሰልፉን እያየች። «ሁሉም ጋሪ ነው።»