እጄን ኪሴ የከተትኩ ዕለት

እኔና ባለቤቴ በተኳረፍንበት ሰሞን ቤታችን የግንባታ ሳይት መስሎ ነበር። እሱ ክሬን ነጂ ነው፤ እኔ ደግሞ ከታች ሆኜ በእጄ አንሳ፣ አዙር፣ አውርድ የምለው ምልክት ሰጪ። ቃል ላልተነፍስለት ምዬ ስለነበር ጨው ከመደርደሪያው እንዲያወርድልኝ ስፈልግ መዳፌን ገልብጬ ዝቅ ዝቅ አደርጋለሁ፤ ያወርዳል። ሾርባው ላይ ሲያበዛው ጡጫዬን ጨብጬ አነሳለሁ፤ ቁም! ይቆማል። አማቴ ሶፋው ላይ ሆነው በሳቅ ይሞታሉ።

ያኮረፍኩት ያለ ነገር አይደለም። ግንባታ ቆሞ ሁለታችንም ቤት የዋልን ጊዜ፣ ሥራ ፍለጋ ልውጣ ስለው፣ «አንቺ እኮ እጅሽን ከማወናጨፍ ሌላ የምታውቂው የለም» አይለኝም! እኔን! ስንቴ ከግድግዳ ጋር ሊላተም ሲል ያዳንኩትን እኔን! ቃሉን እስኪያነሳ አላናግረውም አልኩ። እሱ ግትር፣ እኔ ከእሱ የባስኩ።

በዚህ መሀል መንግሥት የግንባታውን ዘርፍ ከተኛበት እቀሰቅሳለሁ ብሎ ተነሳ። የእኛም ሳይት ታጨ፤ ግን ፈተና አለው። በእንግዶች ፊት አንድ ባልዲ አርማታ ከግድግዳው ጀርባ በሰላም ካረፈ ሥራው ይቀጥላል፤ ካላረፈ በሩ ተመልሶ ይቆለፋል። ደስታዬን የት ላድርሰው! ሰደርያዬን አጥልቄ እየዘለልኩ ሄድኩ። ገና መወጣጫው ላይ ስቆም አንድ የሚኒስቴር ሰው መጥቶ ሬዲዮ አስጨበጠኝ።

«ዘመናዊ እየሆንን ነው፤ የእጅ ምልክት ቀርቷል» አለኝ። «በቃል ይመሩታል። እንግዶቹም እንዲሰሙ ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኝተነዋል።»

ጉድ ፈላ!

ባልዲው ተነሳና ግድግዳው አናት ላይ ደርሶ ቆመ። ከዚህ ወዲያ ከጀርባ ስለሚወርድ ባለቤቴ አያየውም፤ የሚያየው እኔን ብቻ ነው።

«ላውርድ ወይስ ላዙር?» አለ ድምፅ ማጉያው።

ሬዲዮውን ወደ አፌ አስጠጋሁና መሐላዬ ትዝ ሲለኝ መለስኩት።

«ኧረ አንቺ ሴትዮ፣ አርማታው ሊደርቅ ነው!»

ሬዲዮውን ብብቴ ውስጥ ወሽቄ ሁለት እጄን ኪሴ ከተትኩ። ከማወናጨፍ ሌላ ምን አውቅና!

የሚኒስቴሩ ሰው በላብ ተጠመቀ። «እባክዎ ይናገሩ! እንግዳው ሁሉ ጆሮውን አቁሟል!»

ፈተናውን ሊያዩ የመጡት አማቴ ከታች ሆነው፣ «እንዳትናገሪ ልጄ! እሱ ይለማመጥ!» ብለው ጮኹ። የገዛ ልጃቸውን እኮ ነው!

ግን ደግሞ ባልዲው ካላረፈ ሁለታችንም ተመልሰን ቤት ነን። እጄ ኪሴ ውስጥ ሆኖ በራሱ ጊዜ አውርድ፣ አውርድ ይላል።

ድምፅ ማጉያው አንዴ ተንኮሻኮሸ።

«እሺ በቃ» አለ። «ያን ቀን ያልኩትን አንስቻለሁ። እኔ እዚህ ላይ ሆኜ የማየው በአንቺ እጅ ነው። እጅሽ ከሌለ ዕውር ነኝ። አውጪው የኔ እመቤት፣ በሞቴ።»

ሳይቱ በሳቅና በፉጨት ተናጋ። እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ሬዲዮውን ለሚኒስቴሩ ሰው አስታቀፍኩና እጄን አወጣሁ። ሰውዬው «ደንቡ...» ብሎ ጀመረና ተወው። ዝቅ፣ ዝቅ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ዝቅ፣ ቁም። ባልዲው ኮሽ ሳይል አረፈ፤ አማቴም እልልታውን አቀለጡት።

«አሁንስ ታናግሪኛለሽ?» አለ ከላይ።

ሬዲዮውን ከሰውዬው ነጠቅኩ።

«ናፍቀኸኛል» አልኩት፣ ሳይቱ በሙሉ እየሰማ። «ግን እንዳትወርድ፤ ሁለተኛው ባልዲ እየተሞላ ነው።»