የመጨረሻው ርክክብ

ጋሽ ያሲን ያን ቀን ሱቃቸውን እንደከፈቱ ሁለት ወንበር ወደ ደጅ አወጡ። አንዱ የራሳቸው ነው፤ ሌላው የልጃቸው የነስረዲን። ነስረዲን ዛሬ ከኮምቦልቻ ይመጣል። መምጣት አለበት፤ የመጨረሻው ርክክብ ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና በሚያዝያ የውኃ ቧንቧ ከሰቆጣ ዋና መንገድ ማዶ ላሉት ቤቶች እንዲሻገር ተባለና ጨረታውን ነስረዲን አሸነፈ። የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ዋስትና ላላቀረበ ሰው አንዲት ዶማ እንኳ መንገዱ ላይ አያሳርፍም። የተቆፈረው ቦይ ከተደፈነ በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ ሳይሰምጥ መቆየት አለበት፤ ሰምጦ የሚጠግነው ከጠፋ ዋስትናው ይወረሳል። ዋስትናውን የሚሰጠው ባንክ ነው፤ ባንክ ደግሞ ማስያዣ ይፈልጋል። ነስረዲን ምን አለው? ጋሽ ያሲን የቤታቸውን ካርታ ከሣጥን አውጥተው ሰጡት።

ቅንጣት አላቅማሙም። ሚስታቸው ሪሃና ከሞተች ወዲህ ልጁ እቤት ያደረው ለዚያ ሥራ በመጣ ጊዜ ብቻ ነው፤ አሥራ አንድ ቀን። አሥራ አንዱንም ቀን አብረው በሉ፣ አብረው ሰገዱ። ጭቃ የለበሰ ጫማውን በረንዳው ላይ ወርወር ሲያደርገው እንኳ ጋሽ ያሲን ደስ ይላቸው ነበር። ከዚያ ቧንቧው ተቀበረ፣ አፈሩ ተመለሰ፣ ነስረዲንም ሄደ።

“ዓመቱ ሲሞላ ለርክክቡ እመጣለሁ፣ አባ” ብሎ ነበር።

ቦዩ የተደፈነበት ቦታ ከሱቃቸው ፊት ለፊት ነው። ወደ አበርገሌ የሚወርድ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር የጋሽ ያሲን አንገት ይመዘዛል። ክረምቱ ሲበረታ መሃሉ ጎደጎደ። ለማንም ትንፍሽ አላሉም። በማግስቱ ከሱብሒ ሶላት መልስ በተቆረጠ ጀሪካን ጠጠር እያመላለሱ ሞሉት፣ በእንጨት መጠቅጠቂያም ጠቀጠቁት። ዝናቡ መልሶ አጎደጎደው፤ እሳቸውም መልሰው ሞሉት።

ጎረቤታቸው ወይዘሮ ታይቱ “ቤታቸው እንዳይሄድባቸው ነው እኮ!” እያሉ ይስቁባቸዋል። ይሳቁ። ጋሽ ያሲን የፈሩት ሌላ ነው። ሥራው ተበላሸ ከተባለ ልጁ አፍሮ በዚያው ይቀራል ብለው ነው።

ረፋድ ላይ የመንገዱ መሐንዲስ ምንዋጋው መጣ። ከኋላው ፋይል የያዘ አንድ ጎልማሳ አለ። ጋሽ ያሲን ሌላ ሰው ይከተል እንደሆነ ብለው መንገዱን ቁልቁል አዩ። ማንም የለም።

“አጥናፉ እባላለሁ” አለ ጎልማሳው። “የነስረዲን ወኪል ነኝ። ሥራ በዝቶበት ውክልና ሰጥቶኝ ነው።”

ጋሽ ያሲን ሁለተኛውን ወንበር አዩት። “በል ተቀመጥ” አሉ፤ ሌላ ምን ይበሉ?

ምንዋጋው የተደፈነውን በእግሩ መታ መታ አደረገ፣ ክር ወጥሮ ለካ። “ጥሩ ሥራ ነው፤ ክረምቱንም ችሏል። ዛሬውኑ ፈርሜ ለባንኩ ደብዳቤ እጽፋለሁ፤ ካርታዎ ይመለስልዎታል።”

“ሰምጦ ቢሆን ኖሮስ?” አሉ ጋሽ ያሲን፣ እንዲያው ለወጉ።

“ያኔማ ነስረዲን ራሱ መጥቶ፣ እኔ እያየሁ ቆፍሮ እንደገና መድፈን ነበረበት። እሱ በወኪል አይሆንም።”

ጋሽ ያሲን ወደ ተደፈነው ቦይ ዞሩ። ለካስ ዓመቱን ሙሉ በገዛ እጃቸው ሲደፍኑ የኖሩት የልጃቸውን መምጫ ኖሯል! ምንዋጋው እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣ።

“ቆይ፣ ልጄ፤ አትፈርም። ሰምጧል። ሰባት ጊዜ ሰምጧል፤ እኔ ነኝ የሞላሁት።”

አጥናፉ ከወንበሩ ተነሣ። “ጋሽ ያሲን! የተያዘው የእርስዎ ቤት እኮ ነው!”

“ማን ይኖርበታል ብለህ ነው?”

ሐቀኛ ስለሆኑ ተናገሩ ማለት ይቻላል። ሐቀኛስ ናቸው፤ ግን ያ ወንበር ላይ የተቀመጠው ነስረዲን ቢሆን ኖሮ አፋቸውን አይከፍቱም ነበር።

ምንዋጋው በዶማ ጫፍ ጫር ሲያደርገው የላይኛው ጠጠር እንደ ቅርፊት ተነሣ። ያለ ፈቃድ መንገድ አይነካም ብሎ ጥቂት ተቆጣቸው፤ ዋስትናው ባለበት እንዲቆይ ጻፈና ሄደ።

ከቀትር በኋላ ስልካቸው ጠራ።

“አባ፣ ምን ነካህ? በገዛ ቤትህ ላይ? ለማን ብለህ ነው?”

ጋሽ ያሲን ስልኩን ጆሯቸው ላይ አጥብቀው ያዙት። ይህን ድምፅ ከሰሙ አራት ወር አልፏቸዋል። ቁጣው ራሱ ጣማቸው።

“ምሳ በልተሃል?” አሉት።

“የምን ምሳ ነው የምታወራው! ሐሙስ እመጣለሁ፤ እሱን ደፍኜ እመለሳለሁ።”

“ታድራለህ?”

ስልኩ ተዘግቶ ነበር።

ጋሽ ያሲን መጠቅጠቂያውን ከበሩ ጥግ አንሥተው ጓዳ ከተቱትና ቆለፉበት። ከዚያ የነስረዲንን ፍራሽ ፀሐይ ላይ አወጡ።